ቅጠሉን እንጂ ልኩን አላወቅሁም

«ማርም ሲበዛ ይመራል» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ። ስሰማው ግን ስለ ምግብ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ትርጉሙ የገባኝ በገዛ ፊቴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት እናቶቻችንና አያቶቻችን ለቆዳ፣ ለጠጉርና ለጥፍር ስለሚገለገሉባቸው ዕፀዋት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ከራሴ ጥፋት ለይቼ ለመጻፍ ብሞክር አልሆነልኝም። ስለዚህ አስቀድሜ ስለ ዕፀዋቱ፣ ቀጥዬም ስለ ጥፋቴ እናገራለሁ።

የአባቴ እናት የሚኖሩት ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘቢዳር ተራራ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። ቤታቸው ዙሪያውን በእንሰት የተከበበ ነው። ከእንሰቱ በስተጀርባ ባለው ጓሮ ውስጥ ጌሾ፣ ግራዋ፣ ዳማከሴ፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሳርና እሬት ይገኛሉ። ለማያውቅ ሰው የአረም መንጋ ይመስላል። ለአያቴ ግን ልክ እንደ ቡታጅራ ነጋዴ ሱቅ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ በቦታው አለ፤ በጨለማ ቢላኩ እንኳ እጃቸው አይሳሳትም። የጎረቤት ሴቶች ልጅ ሲታመምባቸው፣ ሠርግ ሲደርስባቸው፣ ጠጉር ሲነቀልባቸው ወደዚህ ጓሮ ይመጣሉ። አያቴም ቅጠል ቀንጥበው ከመስጠታቸው በፊት ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፦ «ለማን ነው? ስንት ዓመቱ ነው? ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው?» እኔ ይህን ጥያቄ እንደ አሮጊት ወግ እቆጥረው ነበር።

በመጀመሪያ ስለ እጅ ልናገር። በእኛ አገር የሴት እጅ ብዙ መከራ አለበት። እንሰት ሲፋቅ ጭማቂው ጥፍርን ያጠቁራል፤ እጅ በውሃ ውስጥ ሲውል ቆዳው ይሰነጠቃል። በርበሬ በሚቀነጠስበት ወራት ደግሞ የባሰ ነው። የማረቆ በርበሬ በመላው አገራችን የታወቀ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚቀነጥሱትን ሴቶች ጣት እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያውቀው ግን የቀነጠሰ ብቻ ነው። አንድ ቀን እጄ ቢነድብኝ ወደ ውሃ ስሮጥ አያቴ ይዘው መለሱኝ። መጀመሪያ ጥቂት ቅቤ አሹልኝ፤ በጨርቅም ጠረጉት፤ ከዚያ በኋላ በሳሙና አሳጠቡኝ። ቃጠሎው ቀለል አለኝ። በኋላ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው፣ በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለው የሚያቃጥል ነገር በውሃ አይሟሟም ለማለት ይቻላል፤ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ ቅቤው ከቆዳ ላይ ያነሣዋል፤ ሳሙናው ደግሞ ቅቤውን ይወስደዋል። አያቴ ይህን ያወቁት ያለ ኬሚስትሪ ነው።

ስለ ጠጉር ደግሞ ያየነው ሁሉ ቅቤ ነው። አያቴ ለጋ ቅቤ ወስደው ከደረቀና ከተወቀጠ የአደስ ቅጠል ጋር ያዋሕዱታል፤ መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል። ብዙ ሰዎች ቅቤ ጠጉርን ይመግባል፣ ያሳድጋል ይላሉ። ከሥነ ሕይወት ትምህርታችን እንደምናውቀው ግን ከራስ ቆዳ በላይ የወጣ ጠጉር ሕይወት የለውም፤ ሕይወት ያለው ሥሩ ብቻ ነው። እርሱም በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ታዲያ የቅቤው ጥቅም ምንድን ነው? የእኛ ጠጉር የተጠቀለለ ስለሆነ ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ቅባት እስከ ጫፉ በቀላሉ አይደርስም፤ ስለዚህ ይደርቃል፣ ይሰበራል። ቅቤ ከላይ ሸፍኖ ርጥበቱ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ይህን ለአያቴ ባስረዳቸው ስቀው፣ «እኔስ መቼ ያሳድገዋል አልሁ? እንዳይሰበር ይጠብቀዋል እንጂ» አሉኝ።

ከዚህም ሌላ አያቴ ፎረፎር ያለበትን ራስ ቅቤ አይቀቡም። «ይብስበታል» ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ከፎረፎር ጋር የተያያዘው በዐይን የማይታይ ፈንገስ ምግቡ ቅባት ነውና። እንግዲህ አንዱን ራስ የሚያሳምረው ቅቤ ሌላውን ራስ ይጎዳዋል ማለት ነው።

ወደ ጥፍር ስመጣ እንሶስላን ሳላነሣ አላልፍም። እንሶስላ ጥላና ርጥበት ባለበት የደጋ ቦታ፣ በወንዝ ዳርና በገደል ሥር የሚበቅል ሲሆን፣ ቀለሙ የሚገኘው ከአፈር ውስጥ ከሚወጣው ሥሩ ነው። ሥሩ ተልጦ ይወቀጥና በእጅ መዳፍ፣ በእግርና በጥፍር ላይ ይደረጋል፤ ከዚያም በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ያድራል። በማግሥቱ ሲፈታ እጅና እግር ቀልቶ ይገኛል። ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ1847 እ.ኤ.አ. ይህን ተክል ሲመዘግብ የሰጠው የላቲን ስም «ለማቅለሚያ የሚሆን» የሚል ትርጉም ያለው ነው። የእናቶቻችን ሙያ በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ገብቶ ይኖራል ማለት ነው። የእስላም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ለዒድ፣ ለአረፋና ለሠርግ ሂና ይቀባሉ። ሂና ከእንሶስላ ፈጽሞ የተለየ ተክል ነው፤ ቀለሙም የሚገኘው ከቅጠሉ ነው። እኛ በቡታጅራ ያደግን ልጆች ግን በሁለቱም በዓል እጃችንን ዘርግተን ተቀምጠናል።

አንድ ነገር ልብ ብዬ አይቻለሁ። በመዳፍ ላይ ያለው ቀለም በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ በጥፍር ላይ ያለው ግን ወራት ይቆያል። ምክንያቱም የቆዳችን የላይኛው ክፍል ዘወትር እየተራገፈ በአዲስ ይተካል፤ የእጅ ጥፍር ግን በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ ለመስቀል የተቀባ ጥፍር ለገና ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ ቀለም ሆኖ ይታያል። እኅቶቼ ሆይ፣ ሂና ሲባል ቀለሙ ከብርቱካን እስከ ቀይ ቡናማ መሆኑንም አትርሱ። ወዲያው ጥቁር የሚሆን «ጥቁር ሂና» የሚባል ከቀረበላችሁ፣ የጠጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል ገብቶበት ሊሆን ይችላልና እጃችሁን ሰብስቡ። ይህ ኬሚካል ቆዳን ሊያቆስል ይችላል።

ስለ እንዶድም ጥቂት ልበል። አያቴ ሳሙና እንዲህ ባልተስፋፋበት ዘመን ጋቢና ነጠላ የሚያጥቡት በእንዶድ ፍሬ እንደነበረ ይነግሩኛል። እንዶድ ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚሰጥ ነገር አለው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት እንደነዚህ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ፣ ይህ ትዝብት ለትልቅ ምርምር መነሻ ሆነ። በ1989 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የምርምሩ በር የተከፈተው ልብስ በሚያጥቡ ሴቶች እጅ መሆኑን ማስታወስ ይገባናል። ይሁን እንጂ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ለሰው ዐይን ወዳጅ ሊሆን አይችልም፤ አያቴም እንዶድ የያዘ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሕፃን አይነኩም።

እነዚህን ሁሉ ያነሣሁት አንድ ነገር ለማሳየት ነው። አያቴ ቅጠል ብቻ አያውቁም፤ የቅጠሉን ልክ ያውቃሉ። እሬትን እንኳ ሲቆርጡ ወዲያው ወደ ቆዳ አያደርጉትም። ቁራጩን ዘቅዝቀው ያቆሙና ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውስጡን ያለውን ንጹሕ ዝልግልግ የሚወስዱት። እኔ ግን በጥድፊያ የማድግ ልጅ ነበርሁና፣ መጠበቃቸውን ሳይሆን ቅጠሉን ብቻ አየሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመለሳለሁ።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር የ10ኛ ክፍል ትምህርቴን በጀመርሁበት ሰሞን፣ ጉንጮቼ ላይ ቡግር ወጥቶ፣ እርሱም ሲጠፋ ጠቋቁሮ ቀረ። መስቀል እየተቃረበ ነው። መስቀል በጉራጌ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መናገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። አጎቶቼና አክስቶቼ ከአዲስ አበባ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የአክስቶቼ ሴቶች ልጆች ፊታቸው የጠራ፣ ልብሳቸው ያማረ ነው። እነርሱ ፊት በዚህ ጉንጭ መቆም አሳፈረኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት በእጅ ስልክ ላይ ሎሚና አንድ ዓይነት ቅጠል ጨምቃ ፊቷን ስትቀባ አየሁ። «በሦስት ቀን ፊት ያፈካል» አለች። እርሷ ያሳየችውን ቅጠል አላወቅሁትም። ስለዚህ በራሴ ፍልስፍና ተካሁት። «ጤና አዳም አለልን፤ ስሙ ራሱ ጤና ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ በቡና የምንጠጣው ቅጠል ምን ይጎዳኛል?» አልሁ። አያቴን መጠየቅ ግን አላሰብሁም። አስቤም ከሆነ፣ «ለምን ፈለግሽው?» ይሉኛል ብዬ አፍሬአለሁ።

ቅዳሜ መስከረም 12 ቀን ጠዋት ወደ አያቴ ቤት ሄድሁ። እርሳቸው ገበያ ወርደው ነበር። ከጤና አዳሙ አንድ እፍኝ ሙሉ ሸመጠጥሁ፤ በድንጋይ ወቀጥሁት፤ አንድ ሎሚ ጨመቅሁበትና ግንባሬንና ሁለቱን ጉንጮቼን ቀባሁ። ከዚያም ለበዓሉ የሚታጠበውን ልብስ ይዤ ደጅ ተቀመጥሁ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠርቷል፤ ፀሐይቱም በርትታ ወጥታለች። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ፀሐይ ላይ ሳጥብ ዋልሁ። በዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም ፊቴ ለሰለሰ ብዬ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ እሑድ ማታ ፊቴ መለብለብ ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ጉንጮቼ ቀልተው ውሃ ቋጠሩ። የቅጠሉ ጭማቂ በአገጬ የወረደበት ቦታ ሳይቀር፣ ልክ ትኩስ ውሃ እንደፈሰሰበት መስመር ሠርቶ ተቃጠለ። እናቴ ይዛኝ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ነርሷ ፊቴን አየችና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ምን ተቀባሽ? ከተቀባሽ በኋላስ ፀሐይ ላይ ወጣሽ?» ጤና አዳምና ሎሚ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኋት። «እንግዲህ የጭማቂውና የፀሐዩ ሥራ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ» አለችኝ። ውሃ የቋጠረውን እንዳላፈርጥ፣ ከፀሐይ እንድሸሸግ አስጠነቀቀችኝ፤ ጥቁር ምልክቱም ወራት ሊቆይ እንደሚችል ነገረችኝ። ያለችውም ሆነ።

እውነተኛው ጥፋቴ ግን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከጤና ጣቢያ ስንመለስ አባቴ፣ «ይህን ያደረገሽ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ «የእማማ ቅጠል ነው» አልሁ። ቃሉ እውነት ነበረ፤ ቅጠሉ ከጓሯቸው የመጣ ነውና። ነገሩ ግን ውሸት ነበረ። ሰምተው የቀቡኝ እርሳቸው መስሏቸው ሁሉም ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልሁ።

የመስቀል ዕለት ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ሳለ ትልቁ አጎቴ ፊቴን አይቶ ተቆጣ። ለአያቴም፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ይህን የቅጠል ነገር ይተዉት። ዘመኑ የሐኪም ነው። የልጅቱን ፊት አበላሹት እኮ!» አላቸው። ከዚያም ዶማ አንሥቶ ወደ ጓሮ ሄደና ጤና አዳሙን ከነሥሩ ነቀለው። ክትፎው ቀርቦ ነበር፤ እኔ ግን አንዲት ጉርሻ አልወረደልኝም። አያቴ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ወደ እኔ አንድ ጊዜ ተመለከቱና፣ «እሺ፣ ይቀራል» ብቻ አሉ።

በእውነትም ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያቴ ለማንም ቅጠል መስጠት ተዉ። አንዲት ጎረቤታችን ለልጇ ጭርት ጌሾ ፈልጋ ብትመጣ፣ «እኔ ልጅ አበላሻለሁ፤ ወደ ሐኪም ውሰጂው» ብለው መለሷት። ወሬው በሠፈሩ ስለተሰማ ሌሎችም መምጣት አቆሙ። ቡናችን ያለ ጤና አዳም መጠጣት ጀመረ። እኔ በሲኒው ውስጥ የጎደለችውን ቅጠል ባየሁ ቁጥር፣ ፊቴ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት እንደገና የሚያቃጥለኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ መካከል ነገሩን ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥና መምህራንን መጠየቅ ያዝሁ። ጤና አዳምና ሎሚ ፉሮኮማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። እነዚህ ከቆዳ ጋር ተገናኝተው የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ቃጠሎውም የሚታየው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ምክንያቱን በቀላሉ አያገኘውም። በቡና ውስጥ የምንነክራት አንዲት ዘለላ እና ፊት ላይ በሎሚ የተለሰነ እፍኝ ጭማቂ በምንም አይገናኙም።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ይኸው ፊቴን ያቃጠለው ዓይነት ንጥረ ነገር በሐኪም እጅ መድኃኒት ሆኖ ይገኛል። በግብፅ አገር ከጥንት ጀምሮ በለምጥ የነጣን ቆዳ ለማከም አንድ ተክል ከፀሐይ ጋር ያገለግል ነበር። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ግብፃዊው ሐኪም ኤል ሞፍቲ ከዚያ ተክል የተገኘውን ንጥረ ነገር በሕሙማን ላይ አጠኑ። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህንኑ ዓይነት መድኃኒት በልክ ሰጥተው፣ በመሣሪያ በተለካ ጨረር ሶርያሲስ የተባለውን የቆዳ በሽታ ማከም እንደሚቻል አሳዩ። ያው ነገር ነው። በልክ ሲሆን ያድናል፤ ያለ ልክ ሲሆን ያቆስላል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም። በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ ዝናቡ በደንብ ሲይዝ፣ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ቤት የጤና አዳም ቅርንጫፍ ለምኜ ወደ አያቴ ቤት ሄድሁ። አጎቴ በነቀለበት ቦታ ላይ ስተክለው አያቴ መጥተው ቆሙ። በጭቃ በተለወሰ እጄ ፊቴን ሸፍኜ፣ «እማማ፣ የቀባሁት እኔ ራሴ ነኝ። ገበያ በወረዱበት ቀን ሰርቄ ነው። እርስዎ ሲሰደቡም ዝም አልሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«አውቄአለሁ» አሉኝ። «ከገበያ ስመለስ አይቼዋለሁ። እኔ ጫፍ ጫፉን እቀነጥባለሁ እንጂ ቅርንጫፉን አልሸመጥጥም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ከአፍሽ እስኪወጣ ነዋ! ቁስል ሳይበስል ቢያፈርጡት ይብሳል።»

ከዚያም አብረን ተቀመጥን። ስለ ፀሐዩና ስለ ጭማቂው የተማርሁትን ስነግራቸው በጥሞና አዳመጡኝ። ቆይተውም እንዲህ አሉኝ፦ «እናቴ ጤና አዳምን ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ወይም ማታ ቁረጪው ትለኝ ነበር፤ በቀትር አታስነካኝም። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ምክንያቱ ይህ ኖሯል!» በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ተረዳሁ። አያቴ ልኩን ይዘው ምክንያቱን አልያዙም፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ምክንያቱን ይሰጠኛል እንጂ ልኩን አላሳየኝም። ሁለቱ ሳይገናኙ አንድ ትውልድ ቢያልፍ ሁለቱም ጎደሎ ሆነው ይቀራሉ።

በዚያው ቀን ማታ ለአባቴም ነገርሁት። አባቴ ብዙ ሰዓት ዝም ካለ በኋላ ተነሥቶ በዝናብ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅሁም። አጎቴም በተከታዩ መስቀል ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የአያቴን ጉልበት ሳመ።

ከዚያ ወዲህ እኔና አያቴ አንድ ደብተር ይዘናል። ለእያንዳንዱ ዕፅ አራት ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ የትኛው ክፍሉ ነው? ምን ያህል ነው? መቼ ነው? ለማን አይሆንም? እርሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ከመካከላቸው አንዳንዱን «ይህስ ከእኔ በላይ ነው» ይሉኛል፤ ያንንም እጽፈዋለሁ። የሕፃናት የራስ ጭርት ከነዚህ አንዱ ነው። ታናሽ ወንድሜን ሁለት ወር ጌሾ ቢቀቡት አልተሻለውም ነበር። ፈንገሱ በጠጉር ሥር ውስጥ ስለሚገባ ከላይ የሚቀባ ነገር ብቻውን አይደርስበትም፤ የዳነውም ከጤና ጣቢያ በተሰጠው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። አያቴ አሁን እንዲህ ያለ ሕፃን ሲመጣባቸው ያለ ምንም ኀፍረት ወደ ሐኪም ይልካሉ። የእውቀታቸውን ዳርቻ ማወቃቸው ራሱ እውቀት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ ዘመን ፊትና ጠጉር የሚያሳምር ነገር በየስልካችን ሲነገር እንውላለን። የሚነገረውም ብዙ ጊዜ ስለ ቅጠሉ ነው፤ ስለ ልኩ፣ ስለ ጊዜውና ስለማይሆንለት ሰው አይነገርም። ከመቀባታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከጠየቃችሁም በኋላ ክንዳችሁ ላይ በጥቂቱ ሞክሩ፤ ቁስል ሲበዛ ወደ ሐኪም ሂዱ። ደግሞም ጠይም መሆን በሽታ አይደለምና መድኃኒት አትፈልጉለት።

ወላጆቻችን ሆይ፣ አንድ ልጅ በቅጠል ተጎዳ ብላችሁ ጓሮውን በሙሉ አትንቀሉ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንደሚባለው፣ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ልጆቻችሁን ደብተር አስይዛችሁ ወደ እነርሱ ላኩ።

አያቴ ማንበብ አይችሉም። ይህ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ግን ይዤው ሄጄ፣ ቡና ሲፈላ አነብላቸዋለሁ። ጥፋቴን በሦስት ሰው ፊት ተናዝዤ ነበር፤ እርሳቸው የተሰደቡት ግን በብዙ ሰው ፊት ስለሆነ፣ በብዙ ሰው ፊት መናገር ይገባኝ ነበር። አሁን ተናገርሁ። የተከልነው ጤና አዳምም ጸድቆ እስከ ወገቤ ደርሷል። ቡና ሲፈላ እቀነጥባለሁ፤ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ።